ለአዲስ ገቢ ተከራዮች የእድር መግቢያ ስንት ይሁን?

ጤና ይስጥልን። አዘዞ ያለው የሰፈራችን እድር 120 አባላት አሉት፤ ወርኃዊው መዋጮ 50 ብር ነው። ድንኳኑና ወንበሩ ሳይቆጠር ባንክ ውስጥ 180,000 ብር ስላለ የአንድ አባል ድርሻ 1,500 ብር ይመጣል። ተከራዮች ይህን በአንዴ መክፈል ይከብዳቸዋል። ብንቀንሰው ደግሞ ነባሮቹ ቅር ይላቸዋል፤ እውነት አላቸው። በ6 ወር ተከፋፍሎ ይከፈል ብንል፣ ሳይጨርስ ሐዘን የደረሰበት ሰው ሙሉውን ገንዘብ ያገኛል ወይስ ድንኳንና ቀባሪ ብቻ? ጎረቤትን ያለ ቀባሪ መተው ነውር ነውና ከእድሩ ውጭ ይቅሩ የሚለውን አልቀበልም።

ሌላው፦ ሂሳቡ በሦስት ሰዎች ስም ነው፤ አንዱ ቢሞት ወራሾች ሊጠይቁ ይችላሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርን አያካትትም። ታዲያ በእድሩ ስም ሂሳብ ለመክፈት ማስረጃውን ቀበሌ ነው የሚሰጠን ክፍለ ከተማ? ደንቡና ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ተቀምጧል። የሠራላችሁ የደንብ አንቀጽ ካለ እባካችሁ እንዳለ ጻፉልን።