የቅድስት ዲምፍና ኖቬና ለታመመ ወንድም፦ እንዴት ይደረግ?

ታላቅ_እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድማችን ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) አለበት፣ ሊትየም የሚባለውን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ይወስዳል። ቤት ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ጠባቂ የሆነችውን የቅድስት ዲምፍናን ኖቬና (የዘጠኝ ቀን ጸሎት) ልንይዝለት አስበናል። መቼ ይጀመራል? በየቀኑ ምን ይጸለያል? እሱ ረጋ ብሎ የሚቀመጠው ቢበዛ 5 ደቂቃ ነው። ቀንዲል (ካህን ለሕሙማን የሚቀባውን ቅዱስ ዘይት) መቀባትስ ይችላል? ዘመዶች "ሰይጣን ነው፤ ዘጠኙን ቀን ይጹም፣ ኪኒኑንም ያቁም" እያሉ አስጨንቀውናል።

መቁጠሪያ፦
በዓሏ በቆየው ልማድ ግንቦት 7 (ሜይ 15) ስለሆነ ኖቬናው ሚያዝያ 28 ተጀምሮ ግንቦት 6 ያልቃል። አዲሱ የሮም የሰማዕታት መዝገብ ሜይ 30 ላይ አድርጎታል፤ ሁለቱንም ብታዩ አትደናገሩ። ችግር ሲመጣ ግን በዓል አይጠበቅም፣ ዛሬም ይጀመራል።

ለ5 ደቂቃ የሚበቃው ይህ ነው፦ ማማተብ፣ የዕለቱ ልመና በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አባታችን ሆይ፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ስብሐት ለአብ፣ ከዚያ "ቅድስት ዲምፍና ሆይ፣ ለምኚልን"። ልመናው የሚጨበጥ ይሁን፤ ዛሬ እንቅልፍ፣ ነገ የሐኪሙ ማስተዋል፣ ከነገ ወዲያ የእናንተ ትዕግሥት። እሱ እየሰማ "እርኩሱን መንፈስ አውጣለት" ማለት ግን ነውር ነው፤ ሰውየውን ከራሱ ጋር ያጣላዋል። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ ካቆማችሁበት ቀጥሉ እንጂ እንደገና አትጀምሩ። ቁጥሩ አስማት አይደለም።

ድብርቱ ሲበረታ መዝሙር 88 (በግዕዙ አቆጣጠር 87) ይነበብ። ጨለማ ላይ ያልቃል፤ የታመመውን ሰው በግድ ደስ ይበልህ አይለውም።

ለዘመዶቻችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ ቤልጅየም ውስጥ ጌል በሚባለው ከተማ፣ በቅድስቷ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሕሙማን 9 ቀን የሚያርፉበት ክፍል ነበር። ሲሞላ የአገሩ ሰው በየቤቱ ያስጠጋቸው ጀመር፤ ልማዱ በሐኪሞች ክትትል እስከ ዛሬ አለ።

ካቴኪስት፦
ቀንዲል ለሚያጣጥር ብቻ አይደለም። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትም ይቀባል፤ ሕመሙ ቢብስ ይደገማል። ግን ፈቃዱን ጠይቁት። ካህን ድንገት ቤት አምጥቶ "ተቀባ" ማለት የጥርጣሬ ስሜት ያለበትን ሰው ያስበረግጋል። ረጋ ያለበትን ሰዓት ምረጡ፤ ቤቱ በዘመድ አይሙላ።

የሰይጣኑን ነገር በተመለከተ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ቁጥር 1673 ግልጽ ነው፦ ታላቁ የሰይጣን ማስወጣት ሥርዓት የሚፈጸመው በካህን፣ ያውም በጳጳሱ ፈቃድ ነው፤ አስቀድሞም ነገሩ ሕመም አለመሆኑ ይጣራል። የሠፈር "አጥማቂ" ቦታ የለውም።

ነርስ_ነኝ፦
እህቴ፣ ጾሙን በፍጹም! ሊትየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሲያጣ ወይም ጨው በድንገት ሲቀንስ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ከወትሮው የበረታ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ የምላስ መተሳሰር ካያችሁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። መድኃኒቱን በድንገት ማቆምም ሕመሙን መልሶ ያመጣል። ቤተ ክርስቲያን የታመመውን ጹም አትለውም፤ የሚችል ዘመድ ስለ እሱ ይጹም።

ሌሊት ቆሞ ማደርም ይቅር። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜት መነሣሣት) ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ጸሎቱን ከራት በፊት አድርጉት።

ታላቅ_እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዳንዴ "እኔ ነቢይ ነኝ፣ እኔ ልምራ" ይላል። ያኔስ?

ነርስ_ነኝ፦
አትከራከሩት፣ አታጽድቁለትም። አባታችን ሆይን ብቻ ብላችሁ ዝጉ፤ የቀረውን እናንተ ሌላ ክፍል ጨርሱ። እንቅልፉ ከቀነሰና ንግግሩ ከፈጠነ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ለሐኪሙ ደውሉ።