«ሆርሞናቸው ተሰዷል» አሉን ደግሞ!

የካዛንቺስ ልጅ፦ ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ የስፖርት ሬዲዮ ተከፍቷል። አንዱ «ተንታኝ» ምን ቢል ጥሩ ነው? ዋልያዎቹ፣ ብሔራዊ ቡድናችን፣ የሚሸነፉት ሜዳችን ታግዶ በሰው አገር ስለሚጫወቱ ነው፤ ተጫዋች በገዛ ሜዳው ቴስቶስትሮን የሚባለው የወኔ ሆርሞኑ ይጨምራል፤ «የእኛ ልጆች ግን ሆርሞናቸው ተሰዷል»። ሾፌሩ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ፓስ ሳንቀባበል ኳስ እያስነጠቅን አሁን ደግሞ ሆርሞን! ይሄ ሳይንስ ነው ወይስ ለፌዴሬሽኑ ጥብቅና መቆም?

ቡና በደሜ፦ ከመሳቅህ በፊት አንብብ። ኒቭ እና ዎልፍሰን የሚባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 2003 እ.ኤ.አ. ላይ የተጫዋቾችን ምራቅ ለክተዋል። በሜዳቸው ከመጫወታቸው በፊት ያለው ቴስቶስትሮን ከሜዳ ውጪው በልጦ ተገኘ። ተጋጣሚው ቀንደኛ ባላንጣ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኛ ቡናዎች ጊዮርጊስን ስናገኝ ደሜ የሚፈላው በምክንያት ነው።

ፈረሰኛው፦ ይፍላ! የእናንተ ቴስቶስትሮን 2003 ዓ.ም. ላይ አንዴ ጨምሮ አንድ የሊግ ዋንጫ አመጣ፣ ከዚያ ወዲህ እረፍት ላይ ነው።

ቡና በደሜ፦ ስለ ብሔራዊ ቡድን ነው የምናወራው። የሰፈር ቀልድህን እዛው።

የካዛንቺስ ልጅ፦ እሺ ስለ ብሔራዊ ቡድን እናውራ። ግንቦት 28/2014 ሊሎንግዌ፣ ቢንጉ ስታዲየም፣ ማላዊ 2 ለ 1 አሸነፈችን። ሰኔ 2፣ እዚያው ሣር ላይ፣ ግብፅን 2 ለ 0 ሸኘናት፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ። በአራት ቀን ውስጥ ሆርሞኑ ቪዛ አግኝቶ ተመለሰ?

ቡና በደሜ፦ የግብፁ ኮከብ ሳላህ አልነበረማ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ሳላህ ነው እንዴ የእኛን ሆርሞን ይዞ የሄደው? 😂

ቡና በደሜ፦ በግብፁ ጨዋታ ባለሜዳ ተብለን የተመዘገብነው እኛ ነን። ተጫዋቹ ይሄን ያውቃል።

ፈረሰኛው፦ እንግዲህ ሆርሞን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ የካፍን፣ መርሐ ግብር ያነባል ማለት ነው።

መድፈኛው፦ ቆይ፣ ከእንግሊዝ ላምጣ። 2020/21 እ.ኤ.አ. ፕሪሚየር ሊግ ያለ ተመልካች ነበር ማለት ይቻላል። እንግዳ ቡድን 153 ጊዜ አሸነፈ፣ ባለሜዳ 144። ተጫዋቹ እኮ አልጋው የራሱ፣ መልበሻ ክፍሉ የራሱ፣ ሣሩ የራሱ ነው። የጎደለው ጩኸት ነው። ዳኞች እንኳ ለእንግዳው ቡድን የሚመዙት ካርድ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ የተሰደደው ተመልካች ነው እንጂ ሆርሞን አይደለም።

ቡና በደሜ፦ ሆርሞኑን የሚቀሰቅሰው ተመልካቹ ቢሆንስ? ደግሞ ተመልካቹ የት ተሰደደ? አዲስ አበባ ቁጭ ብሏል፤ የተሰደደው ቡድኑ ነው።

መድፈኛው፦ አሁን ሰዋስው ውስጥ ገባን።

የላብራቶሪዋ፦ እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ አንድ ነገር ልበል። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ምርመራ ሲታዘዝ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ሰዓት ተቀዳ?» ብለን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የተቀዳና 10 ሰዓት ላይ የተቀዳ የአንድ ሰው ደም የሁለት ሰው ይመስላል፤ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ቴስቶስትሮንም ጠዋት ነው ከፍ የሚለው። ሰዓት ያልተጻፈበት ቱቦ ይዛችሁ አትከራከሩ። ደግሞ ኮርቲሶልን «የጭንቀት ሆርሞን» ብላችሁ አትርገሙት፤ ስኳር ከጉበት እንዲወጣ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ሯጭ እግር የሚበላውን ስኳር። ከጨዋታ በፊት ከፍ ማለቱ ጤና ነው። የሚያሳስበው ሳይወርድ ሲቀር ነው፤ በረራ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በላዩ ላይ ከባድ ልምምድ ሲደራረብ።

የድሮ 6 ቁጥር፦ እህቴ የተናገረችው ገባኝ። ተስፋ ቡድን እያለሁ ክልል ለመጫወት ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘን ማታ ደረስን። ውሃ የለም፣ አንድ አልጋ ለሁለት። በማግስቱ መልበሻ ክፍል ውስጥ የጫማዬን ክር ሦስት ጊዜ አስሬ ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ እጄ እምቢ አለኝ። ወጥተን ስናሟሙቅ፣ ኳስ ሁለት ሦስቴ ስነካ ለቀቀኝ። ሆርሞን ይሁን ረሃብ እንጃ።

የላብራቶሪዋ፦ አሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሴት ተጫዋቾችን ምራቅ ለክተው ነበር፤ ቴስቶስትሮኑ ገና በማሟሟቁ ሰዓት ይነሳል። በጨዋታው ጊዜ ደግሞ ያሸነፈችውም የተሸነፈችውም ይጨምርባታል። ስለዚህ ሆርሞን ስለጨመረ ብቻ አሸናፊ የለም።

ሚሚ፦ ተመስገን፣ ሴት ተነሳ! ሆርሞን ሲባል ወንድ ብቻ የሚታያችሁ ለምንድን ነው? የአሜሪካ ሴቶች 2019 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ላይ የዓለም ዋንጫ ሲወስዱ የወር አበባ ዑደታቸውን ባለሙያ ይከታተል ነበር። ስለ ሉሲዎቹ፣ ስለ ሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ይሄን የጠየቀ ጋዜጠኛ አለ?

ፈረሰኛው፦ ርዕስ አትቀይሪ እንጂ።

ሚሚ፦ ርዕሱ ሆርሞን አይደል? ወይስ እሱም ተሰደደ?

የካዛንቺስ ልጅ፦ 👏👏

መድፈኛው፦ የደጋፊም ይለዋወጣል እኮ። የ1994 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ በቴሌቪዥን ያዩ ብራዚሎች ቴስቶስትሮናቸው ወጣ፣ የጣሊያኖቹ ወረደ። ምራቃቸውን ለክተው ነው። እንግዲህ እኔ አርሰናልን ስደግፍ ስንት ዓመቴ፤ ምን ተርፎኝ ይሆን?

የድሮ 6 ቁጥር፦ ከፍታውንስ ማን ረሳው? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እንግዳው 60ኛው ደቂቃ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ሊሎንግዌ ከዚያ ግማሽ አትሞላም። ያጣነው አየራችንን ነው።

ቡና በደሜ፦ በመጨረሻ አንድ ሰው ከእኔ ጋር ተስማማ! ሜዳ ማጣታችን ጎድቶናል፣ አለቀ።

የድሮ 6 ቁጥር፦ ኧረ አልተስማማሁም። አንተ ምራቅ አልክ፣ እኔ አየር ነው ያልኩት።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ሜዳ ማጣታችን አልጎዳንም ያለ ማን አለ? እኔ የተናደድኩት «ተሰዷል» በሚለው ነው። ሜዳውን ካፍ ሲያግድ ደረጃውን ሳያሟላ ያቆየው ሰው አለ። ሆርሞን አይከሰስም፣ ለዛ ነው የወደዱት።

ቡና በደሜ፦ ሰውየው ፌዴሬሽን የሚል ቃል እንኳ አልወጣውም አይደል? አንተ ነህ የጨመርከው። ድምፁን የቀዳ ካለ ያምጣ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ታክሲ ውስጥ ተጠጋጉ እየተባልኩ ነው የምቀዳው?

ፈረሰኛው፦ ቡና፣ 2003 ላይ የተቀዳ ካለህ ግን ላክልን።