የባድሚንተን ውድድራችን ዕቅድ፦ ስንት ነጥብ፣ ስንት ጌም?

ሰብሳቢ፦ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው እንደተባባልነው ከጥምቀት በኋላ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የባድሚንተን ውድድር እናዘጋጃለን። አዳራሽ የምንጠይቅበት ደብዳቤ ከነደንቡ ነው የሚገባው። ረቂቁን ጀምሬዋለሁ፣ እናንተ አርሙት። 16 ተጫዋች፣ ነጠላ (አንድ ለአንድ) ብቻ፣ ጥሎ ማለፍ። ጌሙ፣ ማለትም የጨዋታው አንዱ ክፍል፣ 21 ነጥብ፣ ከሦስት ጌም ሁለቱን የወሰደ ያልፋል።

መምህር፦ 21 ደግሞ ከየት መጣ? እኛ ስናስተምር 15 ነበር። ነጥብ የሚያገኘውም ሰርቭ ያደረገው፣ ማለትም መጀመሪያ መትቶ ያስጀመረው ብቻ ነው። ተቀባዩ ቢያሸንፍ ሰርቩን ይወስዳል እንጂ ነጥብ የለውም።

ጸሐፊ፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ ግን ያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀይሯል። አሁን ሰርቭ ያደረገው ማንም ይሁን፣ ምልልሱን ያሸነፈ ነጥብ ያገኛል፣ ቀጣዩን ሰርቭም እሱ ያደርጋል። 20 ለ 20 ከሆኑ በሁለት ነጥብ መብለጥ ያስፈልጋል። 29 ለ 29 ከደረሱ ግን 30ኛውን ያገኘ ጌሙን ወሰደ።

መምህር፦ እሱስ ደግ አደረጉ። ያኔ ሰርቭ ስንቀማማ ግማሽ ሰዓት ቆይተን ሰሌዳው ንቅንቅ አይልም ነበር። ላብ ብቻ! በቃ 21 ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ደግሞ ሰዓቱ ነው ያሳሰበኝ። 16 ሰው በጥሎ ማለፍ 15 ጨዋታ ነው። ያለን አንድ ሜዳ ነው። አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ማን ይቀመጣል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በአንድ ጌም እንጨርስ። 12 ጨዋታ በ12 ደቂቃ አስቡት። ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜው ብቻ ባለ ሦስት ጌም ይሁኑ። በአራት ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

ሰብሳቢ፦ ተስማምቻለሁ። ረቂቁ ላይ ገባ።

ወጣት አባል፦ ለምን አዳራሽ እንለምናለን? ግቢው ሰፊ ነው፣ ውጭ እናድርገው።

ጸሐፊ፦ ወንድሜ፣ ሹትል፣ የምንመታው ባለ ላባ ኳስ፣ እኮ 5 ግራም አካባቢ ነው! ባለፈው ግቢ ውስጥ ሞክሬ ከፍ አድርጌ መታሁት፣ ነፋሱ መልሶ ራሴ ላይ ጣለው። ለልምምድ ይሁን፣ ለውድድር አይሆንም።

ገንዘብ ያዥ፦ በነገራችን ላይ የፕላስቲክ ሹትል አንድ ቱቦ ገዝቻለሁ። ቀይ ምልክት ያለውን ነው የመረጥኩት፣ ያምራል።

መምህር፦ ምነው ልጄ! ቀዩ ፈጣኑ ነው። ሰማያዊው መካከለኛ፣ አረንጓዴው ዘገምተኛ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሹትሉን አይዘውም፣ አልፎ ይሄዳል። ይልቅ እንፈትነው። ከኋላ መስመር ቆመህ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኃይልህ ምታው። ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሴንቲሜትር ቀርቶት ከወደቀ ደህና ነው። የአንተው ግን ግድግዳውን ሳይነካ አይቀርም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሞከርኩት ጋሼ። ግድግዳውን ነካ። ሱቁ ይቀይርልኛል ወይ የሚለውን ነገ አያለሁ።

ጸሐፊ፦ የሜዳውን ነገር እኔ ልያዝ። ርዝመቱ 13.40 ሜትር ነው። ለነጠላ ስፋቱ 5.18 ነው፣ 6.10 የጥንድ ነው። መስመሩን በፕላስተር እናሰምራለን። መረቡ ምሰሶው ጋ 1.55 ሜትር ነው፣ መሃሉ ላይ 1.524። ለምሶሶ የባሕር ዛፍ እንጨት ይበቃናል።

ወጣት አባል፦ ሰርቩስ? የኛ ልጆች እንደ ቴኒስ ከላይ ነው የሚያወርዱት።

መምህር፦ እሱ ስህተት ነው፣ ነጥቡ ለተቃራኒው ይቆጠራል። ሲመታ ሹትሉ በሙሉ ከመሬት ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት። አንድ እንጨት ላይ 1.15 ምልክት አድርገን ዳኛው አጠገብ እናቁመው፣ ክርክር ይቀራል። ሰርቩ በሰያፍ ነው። የራስህ ነጥብ ዜሮ ወይም ተጋማሽ ቁጥር (2፣ 4፣ 6…) ከሆነ ከቀኝ፣ ጎዶሎ ከሆነ ከግራ። 7 ነጥብ ይዘህ ከቀኝ ከቆምክ ተሳስተሃል።

ጸሐፊ፦ ሌሎቹን ስህተቶች ባጭሩ ልጻፍ። መረቡን በራኬት ወይም በሰውነት መንካት፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መምታት፣ ሹትሉ ሳይሻገር ቀድሞ መምታት። መስመር ላይ ያረፈ ግን ውስጥ ነው። ይህችን በትልቁ እጽፋታለሁ፣ ጠብ የምትፈጥረው እሷ ናት።

ወጣት አባል፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን እንተርትባቸዋ!

መምህር፦ በገና ዳኛ ስለሌለ ነው የማይቆጡት። እዚህ ግን መስመር የሚያይ ሰው እንመድብ፣ ቢያንስ ሁለት።

ሰብሳቢ፦ እረፍቱን አትርሱ። አንዱ 11 ሲደርስ እስከ 60 ሰከንድ፣ በጌምና በጌም መካከል እስከ 120 ሰከንድ። ጌም ሲያልቅ ጎን ይቀየራል፣ በሦስተኛው ጌም ደግሞ 11 ላይ። መስመር ማን ያያል?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ አልችልም፣ መነጽሬ ተሰብሯል።

ጸሐፊ፦ እኔ አንዱን እይዛለሁ። ሌላውን ወጣቱ ይያዝ፣ እሱ በመጀመሪያው ዙር ነው የሚወድቀው።

ወጣት አባል፦ እናያለና! ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ለመለካት እመጣለሁ። ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ።