ክርክር፦ ማርዊትዝ የንጉሡን ትእዛዝ እምቢ ማለቱ ትክክል ነበርን?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ዮሐን ፍሪድሪሽ አዶልፍ ፎን ደር ማርዊትዝ (1723–1781 እ.ኤ.አ.) የፕሩሺያው ንጉሥ የታላቁ ፍሪድሪክ መኮንን ነበር። በሰባት ዓመቱ ጦርነት፣ በ1760፣ የሳክሶኒ ወታደሮች በርሊን አጠገብ ያለውን የሻርሎተንቡርግ ቤተ መንግሥት ዘረፉ። ንጉሡ በዚህ ተቆጥቶ በ1761 የሳክሶኒው ገዥ የአደን ማረፊያ የነበረው ሁበርቱስቡርግ እንዲዘረፍ አዘዘ። ማርዊትዝ ግን ይህ ለቅጥር ጭፍራ አለቃ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለንጉሡ የክብር ፈረሰኞች አዛዥ አይገባም ብሎ እምቢ እንዳለ ይነገራል። የመቃብሩ ድንጋይ «መታዘዝ ክብር በማያመጣበት ቦታ ሞገስ ማጣትን መረጠ» ይላል። እኔ ደግ አደረገ እላለሁ።

ጡረተኛው መኮንን፦ አልስማማም። ፕሩሺያ ያን ጊዜ ከኦስትሪያ፣ ከሩሲያና ከፈረንሳይ ጋር ተናንቃ ነበር፤ በ1759 ኩነርስዶርፍ ላይ የደረሰባት ሽንፈትም ገና አልሻረም። እያንዳንዱ አዛዥ ይህን እሺ፣ ያንን እምቢ እያለ ከመረጠ ሠራዊት አይኖርም። ደግሞስ ምን አተረፈ? ክዊንቱስ ኢሲሊዩስ የተባለ ሌላ መኮንን ቤተ መንግሥቱን አራቆተው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ማርዊትዝ እኮ ከጦር ሜዳ አልሸሸም። ተዋጋ ሲባል ተዋግቷል፤ እምቢ ያለው ዝረፍ ሲባል ነው። እኛ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እንደምንለው፣ በዚያም ዘመን ንጉሥን ፊት ለፊት አይሆንም ማለት ቀላል አልነበረም። የንጉሡን ሞገስ አጣ፤ ኋላም ሠራዊቱን ለቀቀ።

የታሪክ መምህር፦ ቃሉን ልብ በሉት። ዝርፊያ ነውር ነው አላለም፤ ለእኔ ማዕርግ አይመጥንም ነው ያለው። የቅጥር ጭፍራው ቢዘርፍ ግድ አልነበረውም ማለት ነው። ይህ የመኳንንት ኩራት እንጂ ለተዘረፈው ማዘን አይደለም። ጽሑፉን ያስቀረጸውም የወንድሙ ልጅ ስለሆነ የቤተሰብ ውዳሴ አለበት። ሂትለርን ለመግደል በ1944 ያሴሩት መኮንኖች ሲነሡ ይህ ድንጋይ አብሮ መጠቀሱ ለእኔ ሰውየውን ከልኩ በላይ ማግነን ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ መምህር፣ ኩራቱ እውነት ነው። ግን ያ ኩራት እጁን ከዘረፋ ከለከለው፤ ብዙዎችን ኩራታቸው ወደ ዘረፋ ሲነዳቸው አይተናል። ሳልደርን የተባለው ጄኔራልም ይህንኑ ትእዛዝ አልፈጽምም ብሎ እንደነበር ይተረካል፤ እርሱ ከጦርነቱ በኋላ እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደርሷል። እምቢታ ሠራዊቱን ቢያፈርስ ኖሮ ፍሪድሪክ እንዲህ ባልሾመው።

ጡረተኛው መኮንን፦ ስለ ሳልደርን ያልሽውን እቀበላለሁ። የእኔ ጭንቀት ወሰኑን ማን ያበጃል ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ሕግ ያበጀዋል። የ1907ቱ የሄግ ስምምነት ዘረፋን በግልጽ ከልክሏል።

ጡረተኛው መኮንን፦ እንግዲያው ዛሬ ቢሆን እኔም እምቢ እል ነበር፤ ሕጉን ይዤ። በ1761 ግን ማርዊትዝ የያዘው የራሱን ፍርድ ብቻ ነው፤ በዚህ አልለቅቅም።