ወንበሩና ውክልናው፦ ረቂቁን እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፦ ሰላም እህቶች። ለአክሲዮን ማኅበራት የምንልከው የጋራ ሐሳብ ረቂቅ ይኸው። ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከቦርድ አባላት 40 በመቶው ሴቶች ይሁኑ። የብዙዎቹ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ቦርድ የሚመረጥበት የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይከማቻል። እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።

ከሐዋሳ፦ 40 ከየት መጣ?

ጸሐፊዋ፦ ከኖርዌይ። ሕጉን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ያላሟላ ትልቅ አክሲዮን ማኅበር እስከ መፍረስ ይደርሳል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቁጥሩ ሞላ።

ጠበቃዋ፦ የሞላው መፍረስ ስላለበት ነዋ! እኛ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ነን። «ሐሳባችሁ ደርሶናል» ብለው ፋይል ውስጥ ይከቱታል።

ባለአክሲዮኗ፦ እኔ ሌላ ነገር ላንሳ። ባለፈው ጉባኤ በር ላይ ቆሜ ሰው ሲፈርም አየሁ። መዝገቡ ላይ የሴት ስም ሞልቷል። የሚፈርመው ግን ባል ነው፣ ወንድም ነው፣ የእህት ልጅ ነው። ሁሉም ውክልና ይዞ። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ለወንድሜ ሰጥቻለሁ። «አንቺ ሥራ አለብሽ፣ እኔ እገኝልሻለሁ» አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ለማን ድምፅ እንደሰጠልኝ እንኳ ጠይቄው አላውቅም። ጥቆማ ሲጀመር የሚነሳው እጅ የወንድ፣ የሚጠራው ስም የጓደኛው። ነገሩ ሻይ ላይ ያለቀ ነው።

ጠበቃዋ፦ ከዚያም በፊት አክሲዮኑ በማን ስም ነው? በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ በትዳር ውስጥ የተገዛ አክሲዮን በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን ካላስረዳ የጋራ ነው። ይሄ ፍቺ ላይ ይጠቅማል። ጉባኤ ላይ ግን የሚጠራው የተመዘገበው ስም ነው።

ከሐዋሳ፦ እናት ባንክን እዩት። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ቦርዱንም ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ መርተውታል። አክሲዮኑ እጃችን ሲገባ ወንበሩ ይከተላል።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦ እሺ፣ ግን 40ው አይውጣብኝ። ቁጥር ካልጠራን አንዲት ሴት አስቀምጠው «ጨረስን» ይላሉ። ደግሞ «ብቁ ሴት አጣን» እንዳይሉን፣ ፈቃደኛ የሆኑ አባሎቻችንን ስምና የሥራ ልምድ አባሪ እናድርግ። ኦዲተር እንደሆነ እኛ ዘንድ ሞልቷል።

ጸሐፊዋ፦ 40ው እንደ ግብ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይቀመጥ። መጀመሪያው እንዲህ ይሁን፦ «የውክልና ቅጹ ላይ ባለአክሲዮኗ የምትመርጠውን ሰው ራሷ የምትሞላበት ቦታ ይኑር። ጥቆማ ከጉባኤው ቀን በፊት በጽሑፍ ይሰብሰብ። በአካልና በውክልና የተገኙ ሴቶች ቁጥር በቃለ ጉባኤው ይገለጽ።» አክሲዮን በሁለቱም ስም ይመዝገብ የሚለው ግን ለራሳችን አባላት ነው፤ እሱን ለብቻው እንጽፋለን።

ጠበቃዋ፦ ተስማምቻለሁ። አባሪውን ከሂሳብ ባለሙያዋ ጋር እንሠራዋለን።

ከሐዋሳ፦ ወንድምሽ ግን ማንን ነበር የመረጠው?

ባለአክሲዮኗ፦ አሁን ደውዬ ጠየቅሁት። ረስቶታል።