ለዓመታት የቆመች ያማሃ ለማስነሳት፤ ማን ጋ እንውሰዳት? ምን እንግዛላት?

ሰሞኑን ሁለት ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። የቤተሰብ ሞተር ሳይክል ስቶር ውስጥ ቆማለች፤ የትኛው መካኒክ ይሻላል? እዚህ ቢሾፍቱ እኔም ሄጄበታለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

የኔዋ ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ለግብርና ሥራ ታስባ የተሠራች፣ ካቴናዋ በሽፋን የታሸገ፣ በግራም በቀኝም ማቆሚያ ያላት። አባቴ የግብርና ባለሙያ ሳለ ገጠር ለገጠር ዞሮባታል። ጡረታ ሲወጣ በጨረታ ገዛት። ከዚያ 14 ዓመት ቆመች።

በመጀመሪያ፣ እባካችሁ ሳታዩ አትርገጧት። እኔ ግቢ ድረስ ያመጣሁት የመጀመሪያው መካኒክ ቤንዚን ጨምሮ ረገጣት። ተነሳች! እናቴ እልል አለች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ማንም ጋዝ ሳይነካ፣ ድምፅዋ እየጮኸ ሄደ። ከዚያ ቀጥ አለች። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ነክሶ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ናት፤ በእንዲህ ያለ ሞተር አየርና ቤንዚኑ የሚያልፈው በክራንክ ሻፍቱ ክፍል ነው። ያንን ክፍል ግራና ቀኝ የሚዘጉት ሁለት የላስቲክ ኦይል ሲሎች ናቸው። ሞተሩ ለዓመታት ሲቆም ደርቀው ይሰነጠቃሉ። ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ማግኔቶ በኩል ያለው ከተሰነጠቀ ከውጭ አየር ይስባል። ቤንዚኑ ከአየሩ ያንስና ሞተሩ እየጮኸ ይግላል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ከሆነ የማርሽ ዘይቱን ይመጥጣል፤ በማርሚታው ነጭ ጭስ ይንቦለቦላል። ሁለቱም ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። ከመነሳቷ በፊት ይቀየሩ።

አሁን ወደ መካኒኩ። ሦስት ዓይነት ሰው ሞክሬያለሁ። ቦክሰርና ቲቪኤስ የሚሠሩት ወጣቶች እጃቸው ፈጣን ነው፤ ፍሬን፣ ኬብልና መብራት በደንብ ይሠራሉ። ግን ያደጉት በባለ አራት ምት ላይ ነውና ለሞተሩ ውስጥ አልመርጣቸውም። የባጃጅ ጋራዦች ይሻላሉ፤ በተለይ የድሮዎቹን ባለ ሁለት ምት ባጃጆች የሠራ ሰው ካገኛችሁ ካርቡራተሩን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ከሁሉም በላይ የምጠቁማችሁ ግን በግብርና ወይም በጤና ቢሮ ጋራዥ ሠርተው ጡረታ የወጡ አባቶችን ነው። እነዚህን ሞተሮች በመቶ እየቆጠሩ ጠግነዋል። የኔዋን ያዳኑልኝ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ድሮ በእነዚህ ቢሮዎች ይሠሩ የነበሩ ሰዎችን ጠይቁ፤ ይጠቁሟችኋል።

እሳቸው ያስተማሩኝ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሲሊንደር ለመቆፈር (ውስጡን ለማስፋት) ቶርኖ ቤት ከመወሰዱ በፊት ፒስተኑ ይገዛል። ኦቨርሳይዝ (ከመጀመሪያው ልክ የሚሰፋ) ፒስተን በ0.25 ሚሊ ሜትር እየጨመረ ነው የሚመጣው። ቀድማችሁ ካስቆፈራችሁና ልኩ ገበያ ላይ ከጠፋ ሲሊንደሩ ባዶውን ይቀመጣል። ባለ ቶርኖው ፒስተኑን በእጁ ይዞ ይለካ።

ዕቃ ለመግዛት መርካቶ መሄድ ግድ ነው። ሶማሌ ተራ ለአሮጌ ዕቃ ጥሩ ነው፤ መብራት፣ ማርሚታ፣ ማቆሚያ፣ ኮርቻ ስትፈልጉ ብቻ። ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ኩሽኔታና ኦይል ሲል ግን አሮጌ አትግዙ። አዲሱ ኮፒ ለኬብልና ለፍሬን ሸራ ይበቃል። ለኦይል ሲል ግን ኦሪጅናሉን እመክራለሁ። ዱባይ ዘመድ ካላችሁ የዕቃውን ቁጥር ላኩለት፤ ሲሎቹ ሻንጣ ጥግ ላይ ይገባሉ። ካንዴላ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ ገላው ላይ ተጽፏል።

ጎማ ላይ ጥርሱን አይታችሁ አትታለሉ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2309 ካለ በ2009 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። የኔዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነበር፤ ጎናቸው ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ከመነዳሪውንም አብራችሁ ቀይሩ።

ለዛገ የቤንዚን ታንከር ሰው የባትሪ አሲድ ጨምሩበት ይላል። አትስሙ፤ ብረቱን ያሳሳዋል። እኔ አቼቶ ሞላሁበት፣ አንድ ጭብጥ ብሎን ጨመርኩና ሁለት ቀን እያናወጥኩ ተውኩት። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ አጠብኩት፣ ወዲያው አድርቄ ትንሽ ዘይት አዞርኩበት። ዝገቱ እንደ ሻይ ሆኖ ነው የወጣው። የሚያፈስ ከሆነና ብየዳ ካስፈለገው ግን በደንብ ሳይታጠብ እሳት እንዳታስጠጉት። የቤንዚን ትነት ሰው ይገድላል።

ዘይቱ ላይ ቆጥቡ አልልም። የመኪና ዘይት ለዚህ ሞተር አይሆንም። ቆርቆሮው ላይ ለባለ ሁለት ምት የሚል ይሁን፤ በጃፓኑ የዘይት ደረጃ በጃሶ፣ ኤፍ ሲ ወይም ኤፍ ዲ የሚለውን ከኤፍ ቢ ምረጡ፣ ጭሱም ያንሳል። ኤጂ ዘይቱን በራሷ ፓምፕ ነው የምትወስደው። ፓምፑ ለዓመታት ከቆመ ውስጡ አየር አለ። አየሩ ይውጣ። ለመጀመሪያው ታንከር ደግሞ ለመተማመኛ በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቅሉ።

ወረቀቱን ግን ከሁሉ በፊት ጨርሱ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር ይገጥም እንደሆነ እዩ። ከድርጅት የተገዛች ከሆነች ከቀረጥ ነፃ ገብታ እንደነበር አጣሩ፤ ስም ማዞሩ እዚያ ላይ ይያዛል። ቦሎ አለ፣ የሦስተኛ ወገን መድንም አለ። አዲስ አበባ ለመንዳት ያሰባችሁ ደግሞ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ከተማዋ ሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ጥላለች።

ሲሊንደሩ ከተቆፈረ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ጋዙን እስከ ጫፍ አትክፈቱት። እኔ የመጀመሪያውን ታንከር በሆራና በባቦጋያ ሐይቆች መካከል ቀስ እያልኩ ጨረስኩት። ቤት ስደርስ ካንዴላውን ፈታሁት። ጫፉ የተቆላ ቡና መስሏል፤ ሞተሩ ደህና ነው ማለት ነው። አባቴ ከእጄ ተቀብሎ ወደ ብርሃን ዘወር አደረገው፤ ከዚያ ሄልሜቱ የት እንዳለ ጠየቀኝ።