የኔልሰን ፊርማ ነው የተባለ ደብዳቤ፤ ልግዛው?

ቀለም ወዳድ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ የጦር መሪዎችን ፊርማ መሰብሰብ ገና መጀመሬ ነው። አሁን አንድ ሻጭ የእንግሊዙ አድሚራል የሆራሺዮ ኔልሰን ደብዳቤ አለኝ ብሎኛል። አንድ ገጽ ነው፣ የማረጋገጫ ሰርተፍኬትም አለው። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ካገኘኋቸው ሦስት ፊርማዎች ጎን አድርጌ አየሁት። ቁርጥ ራሱ ነው! ዋጋው ግን የዋዛ አይደለም። ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልይ?

የድሮ ወረቀት፦ ወንድሜ፣ መመሳሰሉ አያዘናጋህ። ፎርጅድ የሚሠራውም ሰው ያንኑ ፎቶ አይቶ ነው የሚሠራው። ደግሞ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም። ከአንዱ ናሙና ጋር ልክክ ካለ እንዲያውም ጠርጥር። ለመሆኑ ቀኑ ስንት ይላል? ፊርማውስ ሙሉ ስም ነው?

አጉሊ መነጽር፦ እኔ አንድ ጊዜ በደንብ ተሸውጃለሁ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጄኔራል ፎቶ ከነፊርማው ገዛሁ። ቤት ገብቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው ፊርማው ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ለካ ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ኖሯል። ስለዚህ ሻጩን ከቅርብ የተነሣ፣ ጥራት ያለው ፎቶ ጠይቀው። በላባ ብዕር የተጻፈ መስመር ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ ጫፉም ሹል ሆኖ ያልቃል። አስመሳይ ግን ቀስ ብሎ ስለሚስል እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መሀል ላይ ብዕሩን ያነሣል። ቀለሙ በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ፈስሶ ከገባም የተጻፈው ወረቀቱ ከታጠፈ በኋላ ነው። ከድሮ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ቀድደው የሚጽፉ አሉ፤ ያረጀ ወረቀት ቀለም ስለማይዝ ዙሪያው ይበተናል።

ወረቀቱን ብርሃን ላይ ያዝ አድርጎ ፎቶ ያንሣልህ። የእንግሊዝ ወረቀት ሠሪዎች ከ1794 ጀምሮ ብርሃን ላይ ሲያዝ የሚታይ የተሠራበትን ዓመት በውስጡ ያስገቡ ነበር። ያ ዓመት ከደብዳቤው ቀን ከዘገየ በቃ፣ ተወው። በአልትራቫዮሌት መብራት ደማቅ ሰማያዊ ካበራም ከ1950 አካባቢ ወዲህ የተመረተ ወረቀት ነው ማለት ነው።

ቀለም ወዳድ፦ ቀኑ ማርች 1796 ይላል። ፊርማው «ኔልሰን» ብቻ ነው። ከሦስቱ ናሙናዎች አንዱ የ1803፣ ሁለቱ የ1805 ናቸው።

የድሮ ወረቀት፦ ኧረ ጉድ ነው! ኔልሰን ቀኝ እጁን ያጣው በጁላይ 1797 በስፔን ደሴት ቴኔሪፍ በተደረገ ውጊያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በግራ እጁ መጻፍ ተማረ፤ የእጅ ጽሑፉ ሌላ ሆነ። የአንተ ናሙናዎች በሙሉ የግራ እጅ ናቸው። ሰውየው ሁለት እጅ እያለው በግራው ፈረመ ልንል ነው? «ኔልሰን» ብቻ ብሎ መፈረምም የጀመረው ሎርድ ከሆነ በኋላ ነው። በፊት «ሆራሺዮ ኔልሰን» ነበር፣ ከ1801 ወዲህ ደግሞ «ኔልሰን እና ብሮንቴ» (ብሮንቴ ሲሲሊ ውስጥ የተሰጠው የመስፍንነት ግዛት ነው)። ናፖሊዮንም እንደዚሁ ነው፤ በ1804 ንጉሠ ነገሥት እስኪሆን ድረስ ፊርማው «ቦናፓርት» ነበር።

ሰነድ ጠባቂ፦ ሰርተፍኬቱን ማን ሰጠው? ሻጩ ራሱ ካተመው ዋጋ የለውም። በ1983 የሂትለር ማስታወሻ ደብተር ተብሎ የወጣውን አስታውሱ። የእጅ ጽሑፍ ባለሙያዎች እውነተኛ ነው አሉ። ለካ ለማነጻጸሪያ ከቀረቡላቸው ሰነዶች መካከል ደብተሩን የፈጠረው አስመሳይ ኮንራድ ኩያው ራሱ የሠራቸው ነበሩበት። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ደብዳቤው ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ ነው። ቀጥሎ፣ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡን ያለ ጊዜ ገደብ እንደሚመልስ በጽሑፍ ይስጥህ።

ቀለም ወዳድ፦ ሻጩን ጠየቅሁት። «6 የምትመስለው 8 ናት፣ ዓመቱ 1798 ነው» አለኝ።

የድሮ ወረቀት፦ ብልጥ ነው፤ የግራ እጁን ነገር አስተካከለ። የሎርድነት ማዕረጉ ግን የመጣው ኦገስት ላይ ግብጽ ውስጥ አቡኪር ካገኘው ድል በኋላ፣ ኖቬምበር 1798 ነው። ማርቹንም ይቀይረው እንደሆነ ጠይቀው።